ሥዕሎቹን ያቆየው ግማሽ ዲስክ

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የተነሣሁት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በእጅ ቦርሳዬ በስፖንጅ የተጠቀለሉ ሁለት አዳዲስ ዲስኮች ይዣለሁ። እዚያ ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የቅርስ ማኅደር የትግራይን አለት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት የግድግዳ ሥዕሎች ፎቶዎች የሚያስቀምጥበት ትልቅ የመረጃ ማከማቻ ማሽን አለው። ከዲስኮቹ አንዱ ሲሞት በተጠባባቂው ዲስክ ተተካ። ቀጥሎ ሌላ ሞተ፤ የሚተካው ግን አልነበረም። የፎቶዎቹ ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ በክፉው ጊዜ ጠፍቷል።

ከኩሓ ወደ ከተማ

ኩሓ ያለው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ ምድሩ አረንጓዴ፣ አየሩም ጥርት ያለ ነበር። የማኅደሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ሃፍቶም በአሮጌ ፒክአፕ ሊቀበለኝ መጣ። መንገድ ዳር ሴቶች በለስ እየላጡ ይሸጣሉ። አቁሞ ገዛልኝና እየነዳ መጥፎውን ወሬ ነገረኝ፤ ሦስተኛ ዲስክ ከትናንት ጀምሮ ስሕተት እያሳየ ነው። ማሽኑ የአንድ ዲስክ ጉድለት ብቻ ነው የሚችለው። ይኸኛው ከሞተ ፎቶዎቹ አይመለሱም። በለሱ ጣፋጭ ነበር፤ መጨረስ ግን አቃተኝ።

የማሽኑ ክፍል

በዚህ ማሽን እያንዳንዱ ዲስክ ለሁለት ይከፈላል። ማሽኑን የሚመሩት ሁለት ተቆጣጣሪዎች ከየዲስኩ ግማሽ ግማሽ ይወስዳሉ፤ በአንደኛው በኩል የቢሮው ሰነዶች፣ በሁለተኛው በኩል ፎቶዎቹ ተቀምጠዋል። አንድ ዲስክ ሲሞት ማሽኑ የጠፋውን ይዘት ከቀሩት ዲስኮች አስልቶ በተጠባባቂው ላይ እንደገና ይጽፈዋል። ስንት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ዛሬም ያስደንቀኛል።

የሞተውን አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ። የሰነዶቹ ወገን ወዲያው መልሶ መጻፍ ጀመረ። የፎቶዎቹ ወገን ግን ተጠባባቂ የለኝም እያለ ቆመ። ስመረምር ማሽኑ የአዲሱን ዲስክ ሁለቱንም ግማሾች ለመጀመሪያው ተቆጣጣሪ መዝግቧቸዋል። አንዱ ግማሽ ይሠራል፤ ሌላው ባዶውን ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ሌላ ስለሆነ ግን ሁለተኛው ተቆጣጣሪ ሊነካው አይችልም። ባዶውን አስለቅቄ ለፎቶዎቹ ወገን መስጠት አለብኝ። የሁለቱ ግማሾች ስም የሚለያየው በአንድ ቁጥር ነው። ብሳሳት የተጀመረውን ሥራ አቋርጣለሁ።

ሃፍቶም ማሽኑን አጥፍተን የአምራቹን ባለሙያዎች ብንጠይቅ ይሻላል አለ። እኔ ደግሞ የታመመው ዲስክ አንዴ ከቆመ ላይነሣ ይችላል ብዬ ፈራሁ። የማኅደሩን ኃላፊ ወይዘሮ ለተብርሃንን ጠራናቸው። ብዙዎቹን ፎቶዎች በወጣትነታቸው በገመድ ገደል እየወጡ ያነሡት እሳቸው ናቸው። ቆመው አዳመጡንና ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ከእነዚህ ሥዕሎች አንዳንዶቹ አሁን ግድግዳው ላይ የሉም። ግድግዳው ራሱ ወድቋል። ያሉት እዚህ ብቻ ነው። የምታውቂውን አድርጊ» አሉኝ።

ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሃፍቶም ከራሱ ስክሪን ላይ መልሶ አነበበልኝ። የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ የሁለተኛው ወገን ቆጣሪ ከዜሮ ተነሥቶ አንድ በመቶ አለ። ሃፍቶም «ተመስገን» ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

በማግስቱ

ጠዋት ስንመለስ ሁለቱም ወገኖች ሞልተዋል፤ የታመመውም ዲስክ እያነከሰ እስከዚያ ቆይቶልናል። ሁለተኛውን አዲስ ዲስክ አስገባሁና ማሽኑን ሳላምን ግማሾቹን በእጄ አንድ አንድ አከፋፈልኳቸው። ከዚያ ሃፍቶም ጥሕሎ ሊያበላኝ ወሰደኝ። የገብሱን ድብልብል ሹካ በሚመስል እንጨት እየወጋሁ ወጡ ውስጥ ስነክር የሃፍቶም ስልክ ጮኸ፤ የማሽኑ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሦስተኛው ዲስክ ሞቷል።

ምግቡን ትተን ሮጥን። ስንደርስ የምንሠራው ነገር አልነበረም። ማሽኑ ሁለቱን ተጠባባቂ ግማሾች ራሱ አንሥቶ በሁለቱም ወገን መልሶ መጻፍ ጀምሯል። ማንም አልነካውም። ሁለታችንም እጃችንን አጣምረን፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ቆምን።

ሥራው ሲያበቃ ወይዘሮ ለተብርሃን አንድ ፎቶ ከፈቱ። ዓይነ ትልቅ መልአክ፣ ክንፉ ላይ እንዲህ ያለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም። በጥጉ መብራት የያዘ የሰው እጅ ይታያል። የአጥቢያው ቄስ እጅ መሆኑን ነገሩኝ፤ ቄሱም ዐርፈዋል።

ቤት

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ደንበኞቼ ዘንድ ስሄድ አስቀድሜ የማየው ሥራ ላይ ያሉትን ዲስኮች አይደለም፤ ተጠባባቂዎቹ የማን እንደሆኑ ነው። ይህ መታየት ያለበት ሁሉም ሰላም ሳለ መሆኑን መቀሌ አስተማረችኝ።

ባለፈው እሑድ ሃፍቶም ደወለ። እዚያው መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ፣ ሁለተኛ ቅጂ የሚያስቀምጡበት ቦታ አግኝተዋል። የዚያ ቄስ ልጅም ስለ ፎቶው ሰምታ ከገጠር መጥታ ነበር። መልአኩን አንድ ጊዜ ብቻ አየችው አለኝ። ከዚያ የአባቷን እጅ አጉልታ፣ ከስክሪኑ ፊት ሳትነሣ ብዙ ቆየች።