ለሸክላ ሲባል የተነሳው ወፍጮ

ኡምኩልሱም ስትደውልልኝ አቀስታ ገበያ ድንች እየመረጥኩ ነበር። «የሺ፣ ጋሼን ትንሽ አሟቸዋልና ብትመጪ ጥሩ ነው» አለችኝ። በእኛ አገር ጎረቤት ደውሎ «ትንሽ አሟቸዋል» ሲል ሰው ምን ሆኑ ብሎ አይጠይቅም። ድንቹን ለሻጯ መልሼ ወደ መኪና ሄድኩ። መካነ ሰላም ስደርስ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል።

አባቴ አስናቀው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጉልበቱን ሲያመው ሥራውን ተወ። ሰው ማስቸገር አይወድም፤ ሻይ ከጋበዙት ሳይመልስ አያድርም። አንድ የሚወደው ነገር የዘፈን ሸክላ ነው። በወጣትነቱ ከየከተማው የለቃቀማቸውን ሸክላዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አኑሯቸው ነበር። ማጫወቻ ያገኘው ግን ካረጀ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ደሴ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝቶ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኑ ላይ አቅፎ አመጣው።

ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ መርፌውን ሲያሳርፍ ዘፈኑ መጣ። ከሥሩ ግን «እምምም» የሚል ነገር አብሮ መጣ። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ እሱ አያርፍም።

አባቴ የሾፌር ብልሃቱን ሁሉ ሞከረ። ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጦ ከማጫወቻው እግሮች ሥር አደረገ። ከጠረጴዛ አውርዶ መደብ ላይ አስቀመጠው። ስፒከሮቹን አራቃቸው፣ መርፌውን ጠረገ። አልጠፋም። ከማጫወቻው ጀርባ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ሽቦ ተንጠልጥላ ነበር። ጫፏ ላይ መሰኪያ ስለሌላት «ይቺ የተበጠሰች ናት» ብሎ በፕላስተር ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ወሸቃት።

በመጨረሻ እጁን ግድግዳው ላይ አደረገ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ማዶው የኡምኩልሱም ወፍጮ ቤት ነው።

ኡምኩልሱም ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በእጇ የቀረው ያ ወፍጮ ነው። አባቴ ራሱ ሄዶ መናገር ስለከበደው የሰፈሩን ሽማግሌ ሼህ አብዱራህማንን ላከ። ሼሁ አስቀድመው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው አዳመጡና «አስናቀው፣ ይቺ ልጅ ዘፈንህንም ከጤፉ ጋር እየፈጨችው ነው!» ብለው ሳቁ።

እሷ ግን አልተከራከረችም። «ወላሂ፣ ጋሼ አንድ ደስታ ቢኖራቸው እኔ ላበላሽባቸው?» አለች። መሠረቱን አስፈርሳ ወፍጮውን ከጓሮ በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አስተከለችው። እህል በአህያ የጫነ ገበሬ አሁን ዞሮ በቁልቁለቱ ነው የሚደርስላት። ብዙው መዞሩን ጠልቶ ሌላ ወፍጮ ቤት ለመደ።

ወፍጮው በተነሳ ሰሞን ለእረፍት መጥቼ ነበር። መብራት ሲመጣ አባቴ ሸክላ አስቀመጠና መርፌውን አሳረፈ።

«እምምም።»

ግድግዳው ጸጥ ብሏል። አባቴ መርፌውን ሊያነሳ የማጫወቻውን የብረት ክንድ ሲነካ ድምፁ ቀጥ አለ። እጁን ሲያነሳ ተመለሰ። ደግሞ ነካው፤ ጠፋ። ብዙ ጊዜ እጁን እዚያው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ማጫወቻውን አጥፍቶ አረንጓዴዋን ሽቦ አወጣት፣ ፕላስተሯን ልጦ ማጉያው ጀርባ ካለች ብሎን ጋር አሰራት። ሲያበራው ዘፈኑ ብቻውን መጣ።

ነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው፤ ድምፁ ከወፍጮው ሳይሆን ከዚያች ካልታሰረች ሽቦ ኖሯል። እኛ ዘንድ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እህል ያለው ሁሉ ወደ ወፍጮ ይሮጣል። መብራት ሲሄድ ወፍጮውም ማጫወቻውም ዝም ይላሉ። አባቴ ማጫወቻውን ያለ ወፍጮው አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ዘፈኑ ሳያልቅ ኡምኩልሱም ዱቄት እንደለበሰች በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ጋሼ! ጠፋልዎ?»

«ጠፋ፣ ልጄ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«አልሐምዱሊላህ! ካልጠፋማ ቀጥሎ እኔን ነው የሚያስነሱኝ ብዬ ፈርቼ ነበር።»

እየሳቀች ሄደች። አባቴ ማጫወቻውን ዘጋ።

«አባዬ፣ ለምን አልነገርካትም?»

«ምን ብዬ? ሽማግሌ ልኬባት?»

በሽማግሌ የተነገረ በሽማግሌ ነው የሚፈታው፣ ሼሁን ይዤ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይል ነበር። አንድ ቀን ሼሁን እንኳ ሳይጠራ፣ ጋቢውን ደርቦ ወፍጮ ቤቷ ድረስ ወረደ። ደንበኛ አጥታ ብቻዋን ተቀምጣ ሲያያት ሳይነግራት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሸክላ አላጫወተም። ኡምኩልሱም ምነው ዝም አሉ ስትለው «መርፌው ደክሟል» አላት። እሷም ሪያድ ላለች እህቷ ደውላ አዲስ መርፌ አስላከችለት። ያን መርፌ ሲቀበል ፊቱን አይቻለሁ። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ኡምኩልሱም ከእኔ ቀጥላ ተቀምጣለች። ወፍጮዋን ዘግታ ውሃ ስትቀዳ፣ ሰው ስታስተናግድ ነው የሰነበተችው።

«አንቺማ ውለታሽን ሠርተሻል» አለቻት ጎረቤታችን አልታየች። «ሰው ለመድኃኒት የማያደርገውን አንቺ ለዘፈን ወፍጮ ነቀልሽ!»

በለቅሶ መሃል እንደሚሳቀው ተሳቀ። ሼህ አብዱራህማን «ፈጣሪ ይክፈልሽ» ብለው መረቋት።

«እኔስ ደስታቸውን ማየቴ ነው የሚያጽናናኝ» አለች ኡምኩልሱም እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች። ወደ እኔ ዞረች። «አይደል የሺ? ያን ዕለት እንዴት ደስ እንዳላቸው አንቺም አይተሻል።»

ሁሉም አየኝ።

«አይቻለሁ» አልኩ።

ሰልስቱ ወጥቷል፤ ነገ ወደ አቀስታ እመለሳለሁ። ወፍጮው አሁንም ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ለኡምኩልሱም አልነገርኳትም፤ ሼህ አብዱራህማን ዘንድም አልሄድኩም።