ዓይኔ ያየው፣ ልቤ የጨመረው

የ2015 ዓ.ም. መኸር ነበር። አሜሪካ እንደደረስኩ አውሮፕላን ማረፊያ ጥገኝነት ስጠይቅ በካቴና አስረው ከሲያትል በስተደቡብ ወዳለ የስደተኞች ማቆያ ወሰዱኝ። ክፍሉ የብረት አልጋ፣ የማይጠፋ መብራትና የበረኪና ሽታ ነበረው። ከላይኛው አልጋ አንዲት ወጣት ቁልቁል አየችኝና በአማርኛ፣ «እንኳን ደህና መጡ አልልዎትም፣ እትዬ» አለችኝ።

አልሳቅኩም። አነጋገሯ አገር ቤት የመረመረኝን ሰው አነጋገር ይመስል ነበር። እዚያ በፖለቲካ ታስሬ ሳለሁ አብራን የምትተኛ ሴት ወሬያችንን ለመርማሪዎች ታደርስ ነበር።

ጠበቃዬ በአስተርጓሚ፣ «ታሪክዎን ለሰው ጮክ ብለው እየተናገሩ ይለማመዱ፤ አለዚያ ዳኛው ፊት ይጠፋብዎታል። ያዩትንና የገመቱትንም ለይተው ይጻፉ» አለችኝ። አማርኛ የሚሰማ ከዚያች ልጅ በቀር አልነበረም። ታሪኬ ውስጥ ደግሞ የደበቁኝ ሰዎች አሉ። ሰላይ ከሆነች አስይዛቸዋለሁ፤ ዝም ብዬ ዳኛው ፊት ቢጠፋብኝ ወደ አገር ይመልሱኛል።

ወረቀት መሃሉን አሰመርኩና ስለ እሷ ጻፍኩ። በአንድ በኩል ዓይኔ ያየውን፣ በሌላው ልቤ የጨመረውን። የልቤ ወገን ቶሎ ሞላ፦ ሰላይ ናት፣ ትንቀኛለች፣ ሶላቴን ትጠላለች። በዓይኔ በኩል የተገኘው ይኸው ነው፦ ብርድ ልብሷን ሰጠችኝ። ስሰግድ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ማዞሯን አይቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላየሁም። ጠየቅኳት።

«ስሰግድ ለምን ፊትሽን ታዞሪያለሽ?»

«እኔ አገር ቤት ታስሬ ነበር፣ እትዬ። ስጸልይ ጠባቂዎቹ ያፈጡብኝ ነበር። እርስዎ እንኳ ከፈጣሪ ጋር ብቻዎን ይሁኑ ብዬ ነው።» ቀጥላም፣ «ቀኑን ሙሉ ሲጽፉ ሳይ ግን እኚህ ሴትዮ ስለ እኔ ሪፖርት ያቀርባሉ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች።

ያኔ አብረን ሳቅን።

ዳኛው ፊት አልጠፋብኝም። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ከልጆቼ ጋር ሲያትል አጠገብ ኬንት እኖራለሁ። እሷም ለዒድ ትመጣለች፤ ስሰግድ ዛሬም ፊቷን ታዞራለች። ሰው ሲያስቀይመኝ አሁንም ወረቀት መሃሉን አሰምራለሁ።

ማቆያው ውስጥ አብረን በሳቅን ማግስት፣ የንጋቱን ሶላት ፈጅርን ሰግጄ እንደጨረስኩ ጠራኋት። «ውረጂ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አልኳት። ታሪኬን ድምፄን ሳልቀንስ፣ የደበቁኝንም ሰዎች ሳልዘል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት።