የደህንነት ኃላፊው ጃኬት

ባለፈው ኢድ ግብፅ ውስጥ መንሱራ ከተማ ባለ አንድ መዝናኛ ፓርክ፣ ከመርከብ ዥዋዥዌው ላይ አንዲት ልጅ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ፓርኩ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ባለቤቱ ሐጂ ምትወሊ ክፉ ዓይን እንዲርቅ በግ አሳርደው በደሙ የመርከቧን ጎን በመዳፋቸው አተሙት። የመርከቧ ሠራተኛ ታሰረ። በሩ ላይም «ደህንነትዎ ክብራችን ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። የወንበሩን መቆለፊያ ለመቀየር ብቻ ጊዜ ጠፋ።

ከዚያ ሻውቂ ተቀጠረ። ዕድሜውን ሙሉ ፉል ቤት ሲያስተናግድ የኖረ፣ ማንም አለቃ ብሎት የማያውቅ ሰው ነው። ሐጂ ጀርባው ላይ «የደህንነት ኃላፊ» የሚል ብርቱካናማ ጃኬት ሰጡት። ሥራው ምን እንደሆነ ቢጠይቃቸው «መልበስ» አሉት። ሻውቂም ሥራ ወዳድ ነውና የዳቦ ሰልፍም ለብሶት ይቆም ጀመር። ሰላምታ እንኳ የሚሰስቱበት አማቱ በናና የታጀበ ሻይ አቀረቡለት።

በዚህኛው ኢድ ዋዜማ አንዲት ሴት በር ላይ አስጠራችው። የታሰረው ሠራተኛ ሚስት ኢንሻራሕ ነበረች።

«ጃኬቱ ልክህ ሆነ?»

«ምነው እህቴ?»

«የባሌ ነው። እጅጌውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። መቆለፊያው አይዝም ብሎ ሐጂን ስንቴ ለመናቸው፤ ኃላፊው አንተ አይደለህ እንዴ እያሉ ሳቁበት። ፖሊስ ሲመጣ ግን ሳቁን ትተው ወደ ጃኬቱ ጠቆሙ።»

ሻውቂ እጅጌውን አየ። ብርቱካናማው በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ፈራ። ሄዶ መቆለፊያውን ሳብ ቢያደርገው ያለ ምንም ትግል ተከፈተ።

በማግስቱ ልጆች ግብጦ እየበሉ መርከቧ ላይ ተሳፈሩ።

«መቆለፊያው አይዝም ሐጂ፤ መርከቧ አትነሳም» አለ ሻውቂ።

«በበዓል ቀን አታሟርትብኝ። ደሙን አታይም?»

«አይቼዋለሁ። በጉ ድርሻውን ተወጥቷል።»

ጃኬቱን አውልቆ ሐጂ ትከሻ ላይ ጣል አደረገላቸውና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጎበዝ፣ ከዛሬ ጀምሮ የደህንነት ኃላፊያችን ሐጂ ራሳቸው ናቸው። መርከቧንም እሳቸው ያስነሱልናል» አለ። ተራ የሚጠብቀው ሰው አጨበጨበ። አባቶች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሷቸው። ሐጂ በሰው ፊት ጃኬቱን አውልቀው መጣል አልሆነላቸውም። እጃቸውን ወደ ማስነሻው ሰደዱ። ከፊት ወንበር ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ እግሯን እያወዛወዘች በእጇ ሰላም አለቻቸው። እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ውረዱ ልጆቼ» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬ መርከቧ አትሠራም።»

ሻውቂ በዚያው ቀን ተባሮ ወደ ፉል ቤቱ ተመለሰ፤ አማቱም ናናውን ከሻዩ አነሱበት። መቆለፊያው በማግስቱ ተቀየረ። ከቁርስ እስከ ምሳ ያለቀ ሥራ ነበር። የኢንሻራሕ ባል ግን እስካሁን አልተፈታም።