ጣቢያው ያልተሰማበት ቀን

በደርግ ዘመን፣ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ የጠላትን ሬዲዮ እንዳዳምጥ በመንግሥት የታዘዝኩ ሰው ነበርኩ። ሌላው ሲያዳምጥ ከተገኘ ይታሰራል፤ ለእኔ ግን የባትሪ ድንጋይ ሳይቀር ይሰጠኛል። በምሥራቅ የወጋን የጎረቤት አገር መንግሥት በአጭር ሞገድ፣ በጥሩ አማርኛ ይሰድበናል። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪው ደግሞ አመሻሹ ላይ ደጄ ካለችው የሣር ዳስ፣ ከራኩባዬ ሥር ቁጭ ብዬ ስድቡን እገለብጥና ጠዋት ለአስተዳደሩ አቀርባለሁ። ለዚህ ያበቃኝ የእጅ ጽሑፌ ማማሩ ነው።

አንድ ቀን ጣቢያው ምርኮኞችን አቀረበ። አንደኛው ስሙን ከነአባቱ ተናገረና የመተማ ልጅ መሆኑን አከለበት። የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ብቸኛ ልጅ ነው። ከዘመተ ጀምሮ ደብዳቤ አልመጣም፤ እናቱ በጭንቀት አልቀዋል። ማራኪዎቹ አብዮቱን የሚያወግዝ ወረቀት ሰጥተውት ያነባል። ማንበብ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ያኔም አራት ነጥብ ላይ አይቆምም ነበር፣ አሁንም ዝም ብሎ ይነጉዳል። በሕይወት አለ! ብድግ ብዬ ልሮጥ ስል እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አየሁት።

ከጻፍኩት እናቱ የከሃዲ እናት ተብለው ከሥራ ሊባረሩ፣ ሊታሰሩም ነው። ለእሳቸው ብነግር ደግሞ እልልታውን ያቀልጡታል፣ አገር ይሰማል፤ ያኔ ለምን አልጻፍክም ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ፈራሁ። «በአየር ጠባይ ምክንያት ጣቢያው አልተሰማም» ብዬ ጻፍኩ።

ወዲያው አዋላጇ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ እያለከለኩ መጡ።

«መምህር፣ ዛሬ ሬዲዮው ምን አለ?»

«ምንም፣ እማማ። ሲያፏጭ ነው የዋለ። አልተሰማም ብዬ ጽፌያለሁ።»

አፈጠጡብኝ። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ሲወጡም መረቁኝ። ራሴን ጠላሁት።

ዓመታት አልፈው ምርኮኞቹ ሲመለሱ፣ ለልጃቸው በደገሱበት ቀን እግራቸው ላይ ወድቄ ተናዘዝኩ። ሳቁብኝ።

«ሰምቼው አልነበር እንዴ! ከጎረቤቴ ከባለሱቁ ከሐጂ ጓዳ፣ በር ዘግተን፣ ሐጂም ሚስታቸውም እኔም። የመጣሁት እኮ አትጻፍብኝ ብዬ ልለምንህ ነው፤ አልተሰማም ብዬ ጽፌያለሁ ስትለኝ ጊዜ ልታድነኝ ብለህ መሆኑ ገባኝ፤ ያለቀስኩት ለዚያ ነው።»

ቀጥለው ሳቃቸውን አቆሙና እጄን ያዙኝ።

«እኔስ ምን አስቀይሜው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ነው የኖርኩት። ያን ሁሉ ዓመት፣ ባየኸኝ ቁጥር መንገድ ትቀይር ነበር።»