የአክስቴ ድምፅ ከመንገዱ ማዶ

እናቴ ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ካለው አፓርታማችን፣ ሶፋ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ የአሜሪካን ምርጫ ልትመራ የተነሳችበትን ጥቅምት ያበላሸሁባት እኔ ነኝ። አልጸጸትም። ትንሽ ብቻ።

አስረኛ ክፍል ነበርኩ። መምህራችን የአሜሪካን ግዛቶች ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ኮፍያ ውስጥ ጨመረና እያንዳንዳችን አንድ አንድ አወጣን። የደረሰንን ግዛት የኮንግረስ ምርጫ መከታተል፣ የምርጫ ወረዳዎቹን ካርታ መሥራት፣ በመጨረሻም ማን ለምን እንዳሸነፈ መጻፍ ነበር ሥራው። አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ ወረዳዎቹ ተቆጥረው የማያልቁ ግዛት ደረሳት። ለእኔ ካርታው ላይ አውራ ጣቴን ሳሳርፍባት የምትጠፋ ግዛት። ሁለት ወረዳ ብቻ! «ቀለም እንኳ አይፈጅብሽም» ብላ ሳቀችብኝ።

ቤት ስደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አክስቴ የምትኖረው እዚያች አውራ ጣት የምታክል ግዛት ውስጥ ነው።

አክስቴ የእናቴ የመጨረሻ ታናሽ ናት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ዜግነቷን ያገኘችው በዚያው ዓመት ነው። በሕይወቷ አንድም ቀን መርጣ አታውቅም። ለመጀመሪያ ድምፅዋ ደግሞ ባለቤት ተገኝቶለት ነበር፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚያ ሰመር የትንሹ ልጇ ክርስትና ላይ ከቶሮንቶ ነድተን ሄደን ነበር። ድግሱ የተደገሰበት አዳራሽ ውስጥ በላብ ተጠምቀን ስንበላ፣ እጅጌውን የሰበሰበ ረጅም ነጭ ሰውዬ ገባ። የኮንግረስ ተወዳዳሪ ነኝ አለ። ማን እንደጠራው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ግን ሀበሻ ድግስ ላይ የመጣን ሰው ማን ጠራህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አክስቴ ትሪው ፊት አስቀመጠችውና ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችው። «አንድ ያጣላል!» አለ ሰው ሁሉ። ሁለተኛ ደገመችው። ሦስተኛም ሰለሰችው። ሰውዬው ከበርበሬው የተነሳ እንባው እየወረደ፣ ክራቫቱ ላይ ወጥ እየተንጠባጠበ፣ «በጣም ይጣፍጣል» አለ። ያኔ አክስቴ እጁን ይዛ በሰው ፊት «ድምፄ ያንተ ነው» አለችው። ተጨበጨበ።

መከር ሲገባ እናቴ ዘመቻውን ተረከበች። ከሥራ እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ ለአክስቴ ኮል ታደርጋለች።

«ስንት ሰው አገኘሽ?»

«እትዬ፣ እኔ ራሴ ገና ልመርጥ እኮ ነው።»

«ያንቺ የታወቀ ነው። ሌላስ?»

አባቴ ከኩሽና አንገቱን ብቅ አደረገ። «ለመሆኑ የራሳችንን ወረዳ ተመራጭ ታውቂዋለሽ?»

«አንተ ሽንኩርትህን ላጥ!»

ቅዳሜ ከሰዓት ካርታዬን ቀለም ስቀባ የሁለቱን ወረዳዎች ድንበር በጣቴ ተከተልኩ። ወንዙን ይዞ ወረደ፤ ታጠፈ፤ ከተማ ገባ፤ ከዚያ አንድ መንገድ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ አለፈ። መንገዱን አወቅሁት። እናቴ ለአክስቴ በፖስታ የምትልከውን ካርቶን ሁሉ አድራሻውን የምጽፈው እኔ ነኝ። የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የአክስቴን የቤት ቁጥር አስገባሁ። ሁለተኛ ወረዳ። ሰውዬው የሚወዳደረው በአንደኛ ነው። አዳራሹ አንደኛ ወረዳ ውስጥ ነበር፤ የአክስቴ ቤት ግን በመንገዱ ወዲህኛው ጠርዝ ላይ ነው። መንገዱን ተሻግራ ብትኖር ኖሮ ትመርጠው ነበር!

ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አንድን ነገር ብቻዬን ሳውቅ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደግሞ እናቴ ጓደኛዬ ቤት እንዳላድር ከልክላኝ ነበርና፣ ዜናው የሆነ ነገር ሊያስለውጠኝ ይችላል ብዬ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ስካርቦሮ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን ስንሄድ እናቴ ለሴቶቹ «ሰውየው ካሸነፈ የእኛም እጅ አለበት» ስትል ሳቄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት።

ሐሙስ ማታ አክስቴ ራሷ ደወለች። እናቴ ስፒከሩን ከፈተችው።

«እትዬ፣ ማክሰኞን ፈቃድ ወሰድኩ። ቀሚሴንም ተኩሻለሁ። አባታችን ቃሉን ከበላ ሰው ጋር ማዕድ አይቀርብም ነበር፣ ትዝ ይልሻል? እኔ በዚህ አገር በሰው ፊት የገባሁት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው፤ ልጄ በተጠመቀ ቀን።»

ጓደኛዬ ቤት ማደሩ ከአንጎሌ በረረ።

«አክስቴ፣ ወረቀቱ ላይ ስሙ የለም» አልኩ።

«የምን ወረቀት?»

ሁሉንም ዘረገፍኩት። እናቴ ካርታዬን ነጠቀችኝ። «ድንበር በመንገድ መሃል ይሄዳል እንዴ? እርሻ ነው?»

አክስቴ ቀስ ብላ፣ «አጉርሼ ከዳሁት ማለት ነው» አለች።

እንደዚያ ስትል መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ለጥናቱ ካነበብኩት ውስጥ በጎ ፈቃደኞች አቅመ ደካሞችን በመኪና ወደ ምርጫ ጣቢያ እንደሚወስዱ ትዝ አለኝ። «ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንጻ፣ በእሱ ወረዳ፣ ሀበሾች የሉም?» ብዬ ጮህኩ።

«ሦስት እናቶች አሉ። ክርስትናው ላይም ነበሩ። ግን ማን ይወስዳቸዋል?»

እናቴና እኔ እኩል፣ «ቫን አለሽ አይደል?» አልናት።

ማክሰኞ ዕለት አክስቴ መጀመሪያ በራሷ ጣቢያ መረጠች፤ ቀጥላ መንገዱን ተሻግራ ሦስቱን እናቶች ጫነች። ማንን እንደሚመርጡ አልነገረቻቸውም፤ ድግሱን የሚረሳ ይኖራል ብላ አልጠረጠረችም። ማታ ስትደውል እራታችን ቀዝቅዞ ሁላችንም ስልኩን ከበን ነበር።

«ሁለቱ መረጡት» አለች።

«ሦስተኛዋስ?» አለች እናቴ።

«ለተፎካካሪው ሰጠሁ አሉኝ እኮ! መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠው! ‹እማማ፣ ያኛው ምን አደረገልዎ?› አልኳቸው። ‹እሱማ ምንም አላደረገልኝ። ይሄኛው ግን ሦስት ጉርሻ ሲውጥ አጠገቡ ተቀምጬ፣ አንድ እንኳ መልሶ ያጎረሰው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሰው ሥልጣን ቢይዝ ለማን ያካፍላል?› አሉኝ።»

አባቴን ሳቁ ከሽንኩርቱ የባሰ አስለቀሰው። በጣቱ እየቆጠረ፣ «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ሁለት ለእሱ፣ አንድ በእሱ ላይ። ሲቀናነስ አንድ። ቃል የገባሽለት ስንት ድምፅ ነበር?»

አክስቴ እንደ ልጅ ሳቀች፤ ከሰመር ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማኋትም። «አንድ! አንድ ብቻ ነው ያልኩት! ተመስገን!»

ሰውዬው ተሸነፈ። ያቺ አንድ ድምፅ አልጠቀመችውም፤ ግን ደርሳዋለች።

«በራስሽ ወረዳስ ማንን መረጥሽ?» አልኳት።

«እንጃ፣ አንዷን ሴት። የተናገረችው ደስ አለኝ። አጉርሻት አላውቅ፣ አጉርሳኝ አታውቅ።» ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «መምረጥ እንዴት ቀላል ነው እናንተ!» አለች።

እናቴ ግን አልሳቀችም። መነጽሯን አድርጋ የካርታዬን ጥግ ስታይ ነበር፤ ማተሚያው ቀኑን በትንንሽ ቁጥር ጽፎበታል።

«አንቺ ልጅ» አለች። «ይሄን ያተምሽው ቅዳሜ ነው። የነገርሽን ሐሙስ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ አክስቴ ቀድማኝ፣ «እትዬ፣ ተያት» አለች። «እሷም እንደ እኔ፣ ያለባትን ያደረሰችው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ግን አድርሳለች።»