ቤት ሊያይ የመጣው ሰው

"እማ፣ ዛሬ ከሰዓት ከዩኒቨርሲቲ ሰው ይመጣል" አለች ሌንሳ፣ ጫማዋን እያሰረች ቀና ሳትል።

"የምን ሰው?"

"የተማሪ ቤተሰብ የሚጎበኝ ነው። ቤታችንን አይቶ ይሄዳል። ምንም እንዳታዘጋጂ፤ ቤቱ እንዳለ ይሁን።"

ለአደሴ "እንግዳ ይመጣል፣ ምንም አታዘጋጂ" ብሎ መንገር፣ ዝናብ መጣ ልብሱን አታስገቢ እንደ ማለት ነው። ሌንሳ ይህን ማወቅ ነበረባት፤ ሃያ አንድ ዓመት አብራት ኖራለች። ግን ፈተና ነበረባት፤ ከአቃቂ እስከ ሳሪስ አቦ ደግሞ በእግር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ነው በታክሲ የምትሄደው። ስለዚህ ውሸቷን ጣል አድርጋ ወጣች።

እውነቱ ሌላ ነበር። ሌንሳ የፋርማሲ ተማሪ ናት፤ ሦስተኛ ዓመት። እናቷ ወፍጮ ቤት እህል እያበጠረች ነበር የምታስተምራት። የዱቄቱ ብናኝ ደረቷን ዘግቶ ቤት ካዋላት ወዲህ ግን፣ ሌንሳ አንድ ቀን ክፍል ትገባለች፣ አንድ ቀን በመሳፈሪያ እጦት ትቀራለች። የትምህርት ክፍሉም ከዚህ በላይ ከቀረች የማጠቃለያ ፈተና እንደማትቀመጥ አስጠንቅቋታል። ዩኒቨርሲቲው ለችግረኛ ተማሪዎች በየወሩ ለትራንስፖርትና ለምግብ የሚሰጠው ድጋፍ አለ። ማመልከቻ ጻፈች፣ ከወረዳ ደብዳቤ አወጣች፤ ሁሉንም ለእናቷ ሳትነግር። የቀረው የቤት ጉብኝት ነው፤ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ይህ ካልተሳካ የማቋረጫ ቅጽ ሞልታ ሰኞ ቃሊቲ መጋዘን ዕቃ ማሸግ ትጀምራለች። "ለአንድ ዓመት ብቻ" ብሎ ወጥቶ በዚያው የቀረ ተማሪ ደግሞ ብዙ ታውቃለች።

ታዲያ ለምን አልነገረቻትም? አደሴ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሳይበቅልበት፣ ስንዴ በነበረ ጊዜ የትልቅ ቤት እመቤት ነበረች። ያን ቤት የረገጠ ሰው ሳይበላ አይወጣም። መሬቱ ሄደ፤ ካሳውን የባሏ ሕመም በላው፤ ቀጥሎ ባሏም ሄደ። የቀራት ኩራቷ ነው፣ እሱን ደግሞ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች። የወረዳ ሰዎች ለሴፍቲኔት ችግረኛ ሊመዘግቡ የመጡ ጊዜ "ቤት ተሳስታችኋል" ብላ በሩን ዘጋችባቸው። የዚያን ዕለት ራታቸው ቆሎ ነበር። ለእንዲህ ያለች ሴት "ድሃ ነን ብዬ አመልክቻለሁ" የሚል አንደበት ከየት ይመጣል?

አምና ይህንኑ ድጋፍ ያገኘች ሶሊያና የምትባል የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ነገሩን አቅልላ ነበር የነገረቻት። "ቀላል ነው ባክሽ፤ አይተው ይጽፋሉ፣ በቃ። አንዳንዱ ጩሉሌ እኮ ፍሪጁን ጎረቤት አሽሽቶ ነው የሚቀበላቸው! አንቺ ምን የምታሸሺው አለሽ?"

ፈተናው እንዴት እንዳለቀ ሌንሳ አታውቅም። ከሳሪስ ወደ አቃቂ በከባድ መኪናዎቹ ዳር ዳር፣ አቧራ እየዋጠች ስትገሰግስ ስልኳ ጮኸ። "ቀናው ነኝ፣ ከተማሪዎች አገልግሎት። ቀደም ብዬ ደረስኩ፤ እናትሽ ተቀብለውኛል፣ ቀስ ብለሽ ነይ" አለ ሰውየው። አነጋገሩ ላይ የሚጎርስ ሰው ድምፅ ሰማች። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሮጠች።

የነሌንሳ ግቢ አምስት አባወራ ነው፤ የክፍለ ከተማው ሰው የማያውቀው አንድ ሕግ አለው። ለአንዱ ቤት እንግዳ የመጣ ዕለት የግቢው ዕቃ ሁሉ ወደዚያ ቤት ይሰደዳል። ሽማግሌ ቢላክ፣ አማች ቢመጣ፣ ብርጭቆው ከዚህ፣ ወንበሩ ከዚያ ይሰበሰባል፤ ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል፣ ማንም ለማንም አያወራም። ገመና የሚሸፈነው በጎረቤት ነው። አደሴም ሌንሳ እንደወጣች ነጠላዋን ጣል አድርጋ በር ለበር ዞረች። "ከዩኒቨርሲቲ ሰው ይመጣብኛል፤ ልጄን እንዳይንቁብኝ!"

ሌንሳ ደጃፉ ላይ ስትደርስ የሌላ ሰው ቤት የገባች መሰላት። የምድር ባቡር ጡረተኛው ሚስት የእትዬ ብዙወርቅ ሶፋ ክፍሉን ሞልቶታል። መሬት ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሳሪስ ልብስ የምትነግደው ጎረቤታቸው ፊርዶስ ቁልፏን ትታ ሄዳ ኖሮ፣ ያ ሰፊ ቴሌቪዥኗ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የነሌንሳ አግዳሚ ወንበርና ጀሪካን እትዬ ብዙወርቅ ማድ ቤት ተደብቀዋል። ፍሪጅም ታስቦ ነበር፣ በሩ አላስገባ አለው እንጂ። ሶፋው ላይ ደግሞ አርባ ዓመት የሚሆነው ቀናው ጥብስ ቀርቦለት፣ እትዬ ብዙወርቅ "በሞቴ" እያሉ ያጎርሱታል።

"ነይ ግቢ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!" አለች አደሴ። ፊቷ በርቷል። ሌንሳ ይህን ፊት አባቷ ከሞተ ወዲህ አላየችውም።

ሌንሳን "ዕቃው የኛ አይደለም!" ብላ መጮህ አማራት፤ የእናቷን ፊት አይታ ግን ተወችው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ቀናው እጁን ታጥቦ ቅጹን አወጣ። "የኑሮ ደረጃ" ከሚለው ሥር ሦስት ሣጥኖች አሉ። ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ። ድጋፉ ለሦስተኛዋ ብቻ እንደሆነ ሌንሳ ታውቃለች። እናቷ አታውቅም።

"እኔ እንግዲህ ያየሁትንና የተነገረኝን ነው የምጽፈው" አለ ቀናው፣ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ። እስክሪብቶውን ግን አላወረደም። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ የሶፋው ጀርባ የጓዳውን በር ግማሹን እንደዘጋው አይቷል። ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣለ።

"እናቴ፣ ቴሌቪዥኑ የራስዎ ነው?"

"ታዲያ የማን ሊሆን ነው ጌታዬ?"

"መልካም። እስቲ ይክፈቱት፤ ዜና ካለ እንስማ።"

አደሴ ሪሞቱን አነሳች። ፊርዶስ ቤት ስትገባ በር አካባቢ ተቀምጣ ታያለች እንጂ ሪሞት ይዛ አታውቅም፤ አሁንም የያዘችው ገልብጣ ነው። አንዱን ተጫነች። ሌላውን ተጫነች። ቴሌቪዥኑ ዝም።

"መብራት ሄዶ ይሆናል" አለች። አናቷ ላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ እየበራ ነበር።

እትዬ ብዙወርቅ ምንጣፉን ያያሉ። ቀናው ሌንሳን ያያል። ያን ጊዜ ገባት፤ ሰውየው በር ከፍቶላታል። ዝም ብላ ብትቀመጥ በቂ ነው። አንድ ደቂቃ ብቻ። ሪሞቱ አይሠራም፣ ዕቃው የሰው መሆኑ ይታወቃል፣ እሱም ሦስተኛዋን ሣጥን ይሞላል፤ እሷም ሰኞ ክፍል ትገባለች። ሌንሳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ጨበጠች።

አደሴ ሪሞቱን ደግማ ደጋግማ ተጫነች። ከዚያ ዞር ብላ ልጇን አየቻት። እህል ስታጣ እንኳ ሰው ለምና የማታውቅ ሴት፣ ልጇን በዓይኗ ለመነቻት።

ሌንሳ ተነሳች።

"ባትሪው አርጅቶ ነው፣ ጋሽ ቀናው" አለች። ሪሞቱን ተቀብላ አዞረችና አንዴ ተጫነችው። ቴሌቪዥኑ ቦግ አለ፤ ውስጡ ያለች ሴት ዘይት ታስተዋውቃለች። "የኛ ነው" አለች ሌንሳ ማንም ሳይጠይቃት።

ቀናው ከቅጹ ላይ ቀና ብሎ አያት። "እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ።"

ምልክቱን አደረገ፣ ፈረመ። "ቤት ያፍራ" ብሎ ተነሳ። እትዬ ብዙወርቅ እስከ ግቢው በር ሊሸኙት ወጡ።

አደሴ የሰውየው ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀች። "ምን ብሎ ጻፈ? አጠገቡ ነበርሽ፣ አይተሻል።"

"መካከለኛ።"

"ምን?"

"መካከለኛ ኑሮ ብሎ ነው የጻፈን፣ እማ።"

አደሴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጠዋት ከገባ ጀምሮ ያልነካችው ሶፋ ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋ ወረደ። "መካከለኛ" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እንደ ኮረዳ ብድግ ብላ ወደ ደጅ ሮጠች።

"ብዙወርቅ! ኧረ ስሚ! የዩኒቨርሲቲው ሰው መካከለኛ ብሎ ጻፈን!"

ከግቢው ማዶ እልልታው ቀለጠ። ሌንሳ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና ወጥታ አብራ እልል አለች።