በግራ እጁ የሚባርከው ሽማግሌ

ወሬው የደረሰኝ አርብ ከቀትር በኋላ ነው። ኦስሎ ውስጥ፣ አልናብሩ በሚባል ሰፈር ባለው የመጻሕፍትና የመጽሔት መጋዘን የሠራተኞቹን ምሳ ቤት እየወለወልኩ ነበር። ጭነት ክፍል የሚሠራው የአገሬ ልጅ ግርማ አንድ ወረቀት ይዞ መጣና፣ እርጥቡን ወለል ላለመርገጥ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ አስካለ፣ ይቺ የእርስዎ ማህሌት አይደለችም እንዴ?»

እጄን በሽርጤ ጠርጌ ተቀበልኩት። ማስታወቂያ ነው። «የሽቦ ከተማ» የሚባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ አምስተኛው መጽሐፍ በኖርዌጅኛ ሊወጣ ነው፤ ነገ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት መሀል ከተማ፣ በአንድ መጻሕፍት መደብር ምድር ቤት ይመረቃል፤ አንባቢዎች የታሪኩን ሰዎች መስለው ይመጣሉ ይላል። ከጽሑፉ በላይ የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ አለ። ሹሩባዋ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጎንጉኗል። ልጄ ናት።

«እሷው ናት» አልኩት።

«አምሮባታል» አለ። ፊቴን ሲያይ ግን ቶሎ ብሎ ወደ ሥራ ወሬ ዞረ። «ጭነቱ ትናንት ገባ። ዴንማርክ ነው የሚታተመው። አንዱ ክምር የኖርዌይ፣ አንዱ የስዊድን፣ አንዱ የዴንማርክ። ሥዕሉ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚናገሩት ብቻ ነው። ሦስት አገር ከአንድ ሥዕል ይበላል።»

ለምን እንደ ደነገጥኩ ልንገራችሁ። ማህሌት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ ከቤት ከወጣች ሦስት ሳምንት ሆኗት፣ ትቬይታ የምትኖር የክፍል ጓደኛዋ ቤት ተጠግታ ነበር። ያጣላን ይኸው መጽሐፍ ነው። የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ክፍሏን ሳጸዳ ቀድመው የወጡትን አራቱን ከአልጋዋ ሥር አገኘሁና አንዱን ገለጥኩ። ሽቦ፣ ጭስ፣ ሰማይ የማይታይበት ከተማ። መሀሉ ላይ ነጭ የለበሰ ሽማግሌ በተንበረከከች ልጅ ራስ ላይ እጁን ዘርግቶ እንደ ቄስ ይባርካል። እጁን አየሁት። ግራ ነው። ገለጥኩ፤ አሁንም ግራ። ሲበሉም በግራ፣ ሲሰጡም በግራ። እኔ ባደግሁበት ቤት በግራ እጅ ውኃ እንኳ አይቀበሉም። በመጨረሻው ቀን ፍየሎቹ የሚቆሙበት ወገን ነው፤ በእሱ መባረክማ ሳይታወቅ የሚደረግ ነገር አይደለም አልኩ።

በማግስቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተከራይተን በምንሰበሰብበት አዳራሽ መጽሐፉን ከፍቼ፣ ቆሜ ለእህቶች ሁሉ አሳየሁ። ዝም ብል ኃጢአት መስሎኝ ነበር። ማህሌት በየሳምንቱ መዝሙር የምታስጠናቸው አሥራ አንድ ሕፃናት ነበሩ። በሚቀጥለው እሁድ ሦስት መጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ባዶ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አጣጥፋ ግድግዳው ሥር ደረደረቻቸው፤ ማታውን ልብሷን በሁለት ቦርሳ አድርጋ ወጣች። መጻሕፍቱን አልቀደድኳቸውም፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ከሕንፃችን ሥር ባለችው ዕቃ ማስቀመጫ ቆልፌባቸው ነበር።

እናም ቅዳሜ ተነሣሁ፣ ልጄን ከዚያ ምድር ቤት አውጥቼ ወደ ቤቷ ልመልሳት። መንገዱ በባቡር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ማስታወሻ የሚጻፍለት ጉዞ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ታገሡኝ።

ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ተኩል፣ ትሮስተሩድ

ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት ነበር። ከሰፈሬ የእግረኛ ድልድይ ቁልቁል ሳይ አልናብሩ የለም። ሐዲዱ፣ ክሬኖቹ፣ የምሠራበት መጋዘን፣ ሁሉም ነጭ ውስጥ ገብቷል፤ የክሬኖቹ ቀይ መብራት ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይበራል፣ ይጠፋል። ፉርጎዎች ሲጋጩ ይሰማል፣ የሚያጋጫቸው ግን አይታይም። አዲሱ በረዶ ከእግሬ ሥር ድምፅ አልነበረውም። እየሄድኩ መሆኔን ልረዳ ብዬ ይሁን እንጃ፣ ቁልፌን ሁለት ጊዜ በኪሴ ዳሰስኩ።

ትኬቱን በአሥራ ስምንት ክሮነር ቆረጥኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አራቱ መጻሕፍት፣ ውዳሴ ማርያምና ምስር የተቀባ ዳቦ አለ። እኛ «ቴባነ» የምንለው ባቡር ሲመጣ መጀመሪያ መብራቱ፣ ቆይቶ ድምፁ፣ በመጨረሻ ራሱ መጣ።

የቅዳሜውን ጸሎት ትቬይታ ስንደርስ ጨረስኩ። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ከወገባቸው በላይ ጉም ውጧቸዋል። ማህሌት ስንተኛው ፎቅ ላይ እንደምታድር አላውቅም ነበር። አለማወቄን ያን ጊዜ አወቅሁት። በሩ ተከፈተ፤ በሩ ተዘጋ።

ማስረጃ ላብዛ ብዬ አንዱን መጽሐፍ አወጣሁ። ኖርዌጅኛ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ በጣቴ እየተከተልኩ። በዚያ ከተማ ሰው ሲሞት ትዝታው ከአንገቱ ጀርባ ባለች የመዳብ ክር ላይ ይቀራል። አንዲት ልጅ ክሩን እየተቀበለች ለዘመድ ታደርሳለች፤ እንጀራዋ ይኸው ነው። እኔ በገለጥኩት ምዕራፍ ክሬን የሚነዳ ሰው ሞቷል። ልጅቷ አሳንሰሩ ተበላሽቶ አርባ ፎቅ በእግሯ ወጥታ ክሩን ለእናቱ ሰጠች። እናትየው ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ስንብት የለም፣ አደራ የለም። ልጇ ሳህን እያጠበ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። እናትየው ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አጥቦ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

ቀና ስል ዋሻ ውስጥ ነን፤ መውረጃዬ አልፎኛል።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ መሀል ከተማ

ከምድር በታች የወጣሁት ቤተ መንግሥቱ ግድም ነው። ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ። የትራሙ ሽቦ ጉሙ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭ ይላል። ሰዎች ከነጩ ይወጡና በአጠገቤ አልፈው እንደገና ነጩ ውስጥ ይገባሉ። ገና መጽሐፉን ያልከደንኩት መሰለኝ፤ ቦርሳዬን ነካሁ፣ ተከድኗል።

ብርድ ስለ ያዘኝ ሻይ ልጠጣ አንድ ዳቦ ቤት ገባሁ። ሴትዮዋ ቀረፋ የተነሰነሰበት ዳቦ አቀረበችልኝ።

«ቅቤ አለበት?» አልኳት።

«አዎ» አለች በኩራት፣ «ንጹሕ ቅቤ ነው።»

አመስግኜ ሻዬን ብቻ ጠጣሁ። ቅር ሳትሰኝ አልቀረችም።

ስድስት ሰዓት፣ ምድር ቤቱ

ደረጃው ጠባብ ነው። ስወርድ የምለው ሁሉ ተዘጋጅቶልኝ ነበር። ታች አርባ የሚሆኑ ወጣቶች አሉ፤ ሽቦ የጠመጠሙ፣ ፊታቸውን የብር ቀለም የቀቡ። ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ ብሏል። አንዲት ወፍራም ልጅ አንገቷ ላይ እኔ በየቀኑ የምጎትተውን የሚመስል የአቧራ መምጠጫ ቱቦ ጠምጥማለች። ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

«አይከብድሽም?» አልኳት።

«ይከብዳል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴ ደግሞ ቤት ውስጥ እየፈለገችው ነው።»

ማህሌት ከፊት ቆማ ነበር። አየችኝ። ሽቦው ሹሩባዋ ላይ ከአምፖሉ ብርሃን ጋር ይንቀሳቀሳል። ወደ እኔ መጣች።

«እማዬ፣ ልትወስጂኝ ነው የመጣሽው?»

«መጽሐፎችሽን ላመጣልሽ ነው» አልኩ። ግማሹ ውሸት ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«እሺ፣ አስቀምጫቸውና ሂጂ።»

«እስኪያልቅ ብቆይስ?»

ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

እንግዳዋ ሚዶሪ የምትባል ጃፓናዊት ናት፤ በእኔ ዕድሜ፣ ጠጉሯ ገባ ገባ ብሎ የሸበተ። ኦስሎ አሥራ አምስት ዓመት ኖራለች፤ መጽሐፉን ወደ ኖርዌጅኛ የምትመልሰው እሷ ናት። ኖርዌጅኛዋ እንደ እኔው የተሰባበረ መሆኑ ገረመኝ፤ ጽሑፏን ሌላ ሰው ያርምላታል አሉ። ጥያቄ ተጀመረ። አንዱ ስለ መኪናዎቹ፣ ሌላው ስድስተኛው መቼ እንደሚወጣ ጠየቁ። እኔም እጄን አነሣሁ።

«ሽማግሌው ለምንድን ነው በግራ እጁ የሚባርከው?»

ማህሌት አቀረቀረች። ሚዶሪ አልሳቀችም። «እባክሽ ወደዚህ ነይ» አለች።

ከሻንጣዋ አንድ መጽሐፍ አወጣች። የጃፓኑ ነው። እኛ መጨረሻ በምንለው በኩል ከፈተችው። «በእኛ አገር ንባብ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ወደ ውጭ ሲሄድ፣ እዚህም አሜሪካም፣ አንባቢው እንዳይቸገር ብለው ገጹን እንደ መስተዋት ይገለብጡታል። ቀኙ ግራ ይሆናል» አለችኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠችልኝ። ያው ሽማግሌ፣ ያቺው ልጅ፤ በጃፓኑ እጁ ቀኝ ነው።

ዐይኔን ያላመንኩ ስለ መሰላት፣ ኖርዌጅኛውን ይዛ በምድር ቤቱ ጣሪያ ሥር ወዳለችው ትንሽ መስኮት ወሰደችኝ። በረዶው ውጭ እስከ መስተዋቱ ደርሶ ብርሃኑን ነጭ አድርጎታል። ገጿን ገልብጣ ከመስተዋቱ ጋር አጣበቀቻት። ብርሃኑ በወረቀቱ ውስጥ አለፈ፤ ሥዕሉ በጀርባው በኩል ብቅ አለ። ሽማግሌው ዞረ። እጁ ቀኝ ሆነ። የሁለቱ ገጽ ሥዕል ተደራርቦ ከከተማው በስተጀርባ ሌላ ከተማ ቆሟል፤ ሁለቱም ብርሃን ውስጥ ናቸው።

«እኔም ታምሜበታለሁ» አለች ሚዶሪ፣ ለእኔ ብቻ። «የክሬን ነጂውን እናት አይተሻታል? ልብሷ ደረቷ ላይ የሚደራረብበት ወገን ተገልብጧል። በእኛ ዘንድ እንዲያ አድርጎ የሚለብሰው ሬሳ ነው። ሕያዋኑን ሁሉ መግነዝ አልብሰው ነው የላኳቸው። ለአሳታሚዎቹ ጻፍኩ። ማንም አያየውም አሉኝ።»

«አየነው» አልኳት።

ያን ጊዜ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ማህሌት ከኋላችን ቆማ ነበር። አልሳቀችም።

«ነግሬሽ ነበር» አለች። «የዚያን ዕለት ‘ገጹ የተገለበጠ ነው’ አልኩሽ። ‘እናትሽን ልታስተምሪ ነው?’ አልሽኝ።»

ብያለሁ። ትዝ አለኝ።

ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ባቡር ውስጥ

አብራኝ ተሳፈረች። ሽቦው ሹሩባዋ ላይ እንዳለ ነው፤ ሰው ያየናል ብዬ ግን አልተጨነቅሁም። ዳቦዬን ለሁለት ቆርሼ ሰጠኋት፤ በላች።

«ማን ሠራሽ?»

«ራሴ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ጀርባው ተንጋዷል አይደል?»

«ትንሽ።»

ከዋሻው ወጣን። ጉሙ ሳስቶ ፀሐይ እንደ ጨረቃ ገርጥታ ትታያለች። ትቬይታ ሊደርስ ሲል ደፈርኩና «ቤት ነይ» አልኳት።

«ናይ» አለች በኖርዌጅኛ፤ ወዲያው ወደ አማርኛው ተመለሰች። «አሁን አይደለም። ቆመሽ ነው የነገርሻቸው እማዬ። ትንሿ ቤቲ ገበያ ማዕከሉ በር ላይ ስታየኝ እናቷ ጉያ ገባች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ መዝሙር ያስያዝኳት እኔ ነኝ። እኔ ቤት ብመጣ እሷ ትመጣለች?»

«እሁድ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።»

«በአፍ ያልሽው በየቤቱ ሌላ ሆኖ ነው የደረሰው። አንዷ ደም አለበት ብላለች። ጻፊው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ያንብበው።»

በሩ ተከፈተ። መጻሕፍቷን አቅፋ ወረደች። መድረኩ ላይ ዞር አላለችም፤ ባቡሩ እስኪነሣ ግን ቆመች።

ትሮስተሩድ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን አውልቄ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። ጥንቁቅ ሴት ናት ይሉኛል፤ እኔም እንዲያ ነበር የማስበው። እጁን ስመለከት አልተሳሳትኩም፤ ግራ ነበር። ገጹን ማን እንደ ገለበጠው ግን አልጠየቅሁም፤ የሚያውቀው ሰው ጎኔ ቆሞ ሲነግረኝም ዝም አሰኘሁት። ሃያ ደቂቃ መንገድ ሄጄ ያመጣሁት ይኸን ነው። ሐሰት የመሰከርኩት በመጽሐፍ ላይ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ በልጄ ላይ ነው።

በዚያ እሁድ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ እህቶቼ፣ ስናገር የሰማችሁኝ፣ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላችሁ ያያችሁ፤ ያልኩት ስሕተት ነው። ከልጆቻችሁ የወሰዳችሁት መጽሐፍ ካለ መልሱላቸው። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ማህሌት መዝሙር ልታስጠና እንድትመጣ ለምኛታለሁ፤ «ልጆቹ ካሉ» ብላኛለች። ወንበሮቹን እኔ እዘረጋለሁ፣ አሥራ አንዱንም። እባካችሁ ልጆቻችሁን አምጡልኝ።